የድምፅ ጉልበትና የሙቀት መውጫ፦ የአምፕሊፋየር ታሪክ ከአዲስ አበባ እስከ ወልዲያና መርሳ

በጥር ወር ከወልዲያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ዳስ የተጣለበት ግቢ አይጠፋም። ሙሽራውም አጃቢውም ጭፈራውም ለሁሉ ይታያል። ሞንታርቦ ከሚባለው ትልቅ ስፒከር ጀርባ የተቀመጠችውን ሣጥን ግን ከዲጄው በቀር ልብ የሚላት የለም። አንዳንዴ ክዳኗ ጨርሶ ተነሥቶ ይገኛል። ውስጧ ክንፍ ክንፍ በሆነ አሉሚኒየም ላይ በብሎን የታሰሩ ትራንዚስተሮች፣ ከባድ ትራንስፎርመርና ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ቬንቲሌተር አሉ። እዚሁ አገር፣ በጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ የተሠራች አምፕሊፋየር ናት።

የዚህችን ሣጥን ታሪክ ብዙዎቻችን በቁርጥራጩ እናውቀዋለን። አያቶቻችን ስለ ትልቁ ሬዲዮ፣ አባቶቻችን ስለ ካሴት፣ እኛ ደግሞ ስለ ሞንታርቦ እናወራለን። ቁርጥራጮቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው ሙቀት ነው። ድምፅ ሊያጎላ የተነሣ ትውልድ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሙቀቱ ወዴት ይሂድ?

ከ1891 እስከ 1927 ዓ.ም.፦ ሙቀት የማያውቀው ድምፅ

በ1891 ዓ.ም. ገደማ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም ድምፃቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ አስቀርጸው መለሱ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ። እነዚህን ቅጂዎች ያሰማ የነበረው መሣሪያ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። መርፌው በሸክላው ጎድጓዳ መስመር ላይ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቃጤው ስስ ሽፋን ያንቀሳቅሳል፤ ቀንዱ ድምፁን ወደ ውጭ ያስተላልፋል። ቀንዱ በራሱ ጉልበት አይጨምርም፤ ያለውን ወደ አየሩ በደንብ ያደርሳል እንጂ። ጉልበት ያልተጨመረበት መሣሪያ ደግሞ አይሞቅም፤ አንድ ክፍል ሰው ካሰማም በቂው ነው።

ለውጡ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1899 ዓ.ም. ሊ ዲ ፎረስት ኦዲዮን ያለውን የመስታወት ቱቦ ሠራ። ቱቦው በመጀመሪያ የሬዲዮ ምልክት መቀበያ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክትን ማጉላት እንደሚችል ታወቀ። በመስከረም 1912 ፕሬዝዳንት ውድሮው ዊልሰን ሳንዲያጎ ከተማ ውስጥ ለአሥር ሺሕዎች በድምፅ ማጉያ ንግግር አደረጉ። እንዲህ ባለ መሣሪያ ሕዝብን በአንድ ጊዜ ማናገር በሰው ጉሮሮ ጥንካሬ መወሰኑ አበቃ። በምትኩ መሣሪያው መሞቅ ጀመረ።

ከ1928 እስከ 1947 ዓ.ም.፦ በሙቀት የሚሠራው ቱቦ

የኢትዮጵያ ሬዲዮ የተመሠረተው በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ጣቢያው እንደገና ሥራ ሲጀምር ሬዲዮ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ዜና የሚሰማው አደባባይ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበር። በአደባባዩ ማጉያም በባለጸጋው ሳሎን ሬዲዮም ውስጥ ያለው ቱቦ ነበር።

ቱቦ ካልሞቀ አይሠራም። ውስጡ ያለው ክር ኤሌክትሮን የሚለቀውን ብረት እስከ 700 ወይም 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲግል ያደርገዋል። የድሮ ሬዲዮ ሲከፈት ወዲያው የማይናገረው ለዚህ ነበር፤ ቀይ ፍሙ እስኪታይ ድረስ ባለቤቱ ይጠብቃል። የቱቦ ሙቀት በአብዛኛው በጨረር መልክ በመስታወቱ አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከሣጥኑ ጀርባ የተበሳሳ ካርቶን አድርገው አየር እንዲተላለፍ ከፈቀዱ ይበቃቸው ነበር። የአሉሚኒየም ክንፍም ቬንቲሌተርም አላስፈለገም።

የቱቦ ችግር ሌላ ነበር። ክሩን ለማጋል ብቻ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ በደሴ አድርገው እስከ አስመራ የሠሩት መንገድ በመርሳና በወልዲያ ስለሚያልፍ ዕቃ ለመድረስ አልተቸገረም፤ የመብራት መስመር ግን አብሮ አልመጣም። ቱቦ ሬዲዮን በባትሪ ማኖር ደግሞ ለገጠር ነዋሪ የማይታሰብ ወጪ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በየጁና በአምባሰል አገር ድምፅ ማጉላት ማለት አሁንም መሰንቆና ከበሮ፣ እልልታና የአዝማሪ ጉሮሮ ነበር።

ከ1948 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ሙቀት የሚፈራው ትራንዚስተር

1948 ዓ.ም. ለሁለት ነገሮች መነሻ ነው። በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ፤ መብራት ኃይልም በመሥሪያ ቤትነት ተቋቋመ። አንዱ ማጉያ የሚፈልግ ትልቅ አዳራሽ ሰጠ፤ ሌላው ማጉያው የሚመገበውን ኃይል ወደ ክፍላተ ሀገር ማድረስ ሥራዬ አለ።

በባሕር ማዶ ግን ቱቦውን የሚሽር ነገር ቀድሞ ተወልዷል። በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። በ1947 ዓ.ም. በኪስ የሚያዝ የትራንዚስተር ሬዲዮ ገበያ ላይ ዋለ። የሚጋል ክር ስለሌለው በጥቂት ድንጋይ ለሳምንታት ይሰማል። ሬዲዮ ወደ ኢትዮጵያ ገጠር የገባው በዚህ በር ነው። የመብራት ምሰሶ ያልደረሰባቸው በመርሳ ዙሪያ ያሉ የሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ዜናና ዘፈን የሰሙት ከትራንዚስተር ነው።

ትራንዚስተር በምትኩ አዲስ ድካም ይዞ መጣ። ቱቦ በመቶዎች ዲግሪ ሙቀት ሲሠራ፣ ቀዳሚዎቹ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ውስጣቸው ከ80 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይበላሹ ነበር። የሲሊከኑ ዓይነት ይሻላል፤ እንደ አሠራሩ እስከ 150 ወይም 200 ዲግሪ ይችላል። ሆኖም ሙቀቱ የሚፈጠረው ከጥፍር በማትበልጥ ቁራጭ ላይ ነው። ቁራጯ ያን ሙቀት በራሷ ወደ አየር ማስወጣት ስለማትችል ሰፊ ብረት መዋስ አለባት። የአሉሚኒየም ክንፍ፣ ሠሪዎች ሂትሲንክ የሚሉት፣ ወደ ድምፅ ማጉያ ሣጥን የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የከፋው ትራንዚስተር ሲሞቅ የሚያሳየው ጠባይ ነው። በሞቀ ቁጥር ያንኑ ያህል ኃይል ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በየዲግሪው ሁለት ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ከቀረ ብዙ ኃይል ያሳልፋል፤ ብዙ ሲያሳልፍ ይበልጥ ይሞቃል፤ ይበልጥ ሲሞቅ ይበልጥ ያሳልፋል። ይህ አዙሪት ካልተቆረጠ በሰከንዶች ውስጥ ጭስ ይሆናል። መሐንዲሶች መድኃኒቱን ያገኙት ከዚያው ከበሽታው ነው። አንድ ትንሽ ትራንዚስተር ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ክንፍ ላይ ያስሩና ሙቀቱን አብሮ እንዲቀምስ ያደርጋሉ። ክንፉ ሲሞቅ ትንሹ የትልልቆቹን መነሻ ቮልቴጅ ይቀንሳል። እስከ ዛሬ ድረስ ይህችን ትንሽ ትራንዚስተር ከክንፉ ነቅሎ በቦርዱ ላይ የተዋት ሰው ዕቃውን ያቃጥላል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ኤን 3055 የሚባለው፣ ባለ ኮፍያ የሲሊከን ትራንዚስተር ወጣ። 15 አምፒር ያሳልፋል፤ በቂ ክንፍ ከተሰጠው ከመቶ ዋት በላይ ሙቀት ይሸከማል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ጊታርና በክበብ ሙዚቃ ትናጥ ነበር፤ አምሃ እሸቴም በ1961 ዓ.ም. የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የሙዚቃው ዘመን በዝና ሲነገር፣ ከመድረኩ ጀርባ ሽቦ የሚያያይዙት ሰዎች አልተነገረላቸውም። በአዲስ አበባ ተግባረ እድ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ኤሌክትሪክን በሙያነት የተማረ ትውልድ መውጣት ጀምሮ ነበር።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ ሜጋፎን፣ ኪነትና ካሴት

ደርግ ድምፅን በየአደባባዩ አወጣው። ቀበሌ በተቋቋመበት ሁሉ ስብሰባ አለ፤ ስብሰባ ባለበት ሁሉ ሜጋፎን ወይም ቀንድ ማጉያ አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቅስቀሳው በማጉያ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም ከተማ ለከተማ ይዞሩ ጀመር። በወሎ ስሙ የገነነው የላሊበላ የኪነት ቡድን ነው፤ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ያፈራ ቡድን። የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት ሜዳ ላይ ለተሰበሰበ ሕዝብ ማሰማት ከአዳራሽ ይለያል። ድምፁን የሚመልስ ግድግዳና ጣሪያ ስለሌለ ከማጉያው የሚጠየቀው ዋት ይበዛል፤ ዋት ሲበዛም ሙቀት ይበዛል።

ኃይሉ ደግሞ አስተማማኝ አልነበረም። ከዋናው መስመር ያልተያያዙ ከተሞች የሚበሩት በናፍጣ ጄኔሬተር ሲሆን እሱም ለተወሰነ ሰዓት ነው። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ድንገት ይዘላል፤ ሲዘል ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው በደንብ ያልቀዘቀዘው ትራንዚስተር ነው።

ከሜዳው መድረክ ቀጥሎ የማጉያ ሙያ መምህር አውቶቡስ ነበር። ካሴት ከመጣ በኋላ በደሴና በመቀሌ መካከል የሚመላለስ መኪና ያለ ዘፈን አይሄድም። የመኪና ቴፕ የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ድምፁን የሚያጎላውም አንዲት ጥቁር አይሲ ናት። ቲዲኤ 2003ን፣ ኤልኤ 4440ን የመሳሰሉት አይሲዎች ቀድሞ በደርዘን ክፍሎች የሚሠራውን ሥራ በአንድ ሰውነት ጠቅልለው ያዙ። ከእነሱ ጋር ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ጥቂት ካፓሲተሮችና አንድ የመኪና ባትሪ ካለ አምፕሊፋየር አለ ማለት ነው። ሙቀቱ ሲበዛባቸው ራሳቸውን የሚያጠፉበት ጥበቃ ያላቸውም ስለነበሩ ተለማማጅ ሳያቃጥል ስህተቱን ሊማርባቸው ይችል ነበር። መብራት በማይታመንበት አገር የቤት ሠራሽ ማጉያ የተጀመረው በዚህች ትንሽ አይሲ ነው።

በዚሁ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ። ወልዲያ የደሴና የመቀሌ መስመር ላይ ብቻ የነበረች ከተማ፣ የጎንደርና የባሕር ዳርም መገናኛ ሆነች። ሾፌር የሚያድርባት፣ የተሰበረ ቴፕ የሚጠገንባት ከተማ መሆኗ በዚያው ጸና።

ከ1984 እስከ 2003 ዓ.ም.፦ የአሉሚኒየምና የቬንቲሌተር ዘመን

የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ቀርቶ ንግድ ሲከፈት ሙዚቃ ቤት በየመንገዱ ዳር ተከፈተ። ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ያጫውታል፤ ጎረቤቱ ሱቅ ደግሞ ከእሱ ይበልጥ ያጎላል። ሠርግ የሚደግሰው ሁሉ ሞንታርቦ መከራየት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም ለስብከት፣ ለመዝሙርና ለአዛን ማጉያ ተከሉ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ለብዙዎች ውድ ነበርና ክፍተቱን የሞላው ጥገና ቤት ነው።

የሙያው ጥሬ ዕቃ ከመርካቶ ይመጣል፤ ትራንዚስተሩ፣ የሰርኪዩት ቦርዱ፣ ትልልቁ ካፓሲተር። ክንፉ ግን ከመርካቶ ብቻ አይጠበቅም። ከተቃጠለ ዴክ፣ ከአሮጌ ዩፒኤስ፣ ከተበላሸ የብየዳ ማሽን ይፈታል። በ1990ዎቹ ኮምፒውተር በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሲሳይ መጣ። አገልግሎቱን የጨረሰ ኮምፒውተር ውስጥ ስምንት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የ12 ቮልት ቬንቲሌተርና ብዙ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም አለ። ኮምፒውተሩ ቢሞትም ሁለቱ በሕይወት ይኖራሉ።

የጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሠሪው አሉሚኒየሙን ይበሳና የቀዳዳውን ጠርዝ በትልቅ መብሻ ጫፍ ያለሰልሳል። ጠርዙ ላይ የቀረች ፀጉር የምታህል ብረት ማይካውን ከቀደደች ዕቃው ሾርት ያደርጋል። ማይካው ከትራንዚስተሩ ጀርባ የሚገባ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው፤ ኤሌክትሪክን ይከለክላል፣ ሙቀትን ያሳልፋል። በሁለቱም ፊቱ ነጩ ኮምፓውንድ ይቀባል፤ ብዙ ሳይሆን በጣም ስስ አድርጎ። ኮምፓውንዱ የሚፈለገው ዓይን የማያየውን ክፍተት እንዲሞላ ብቻ ነው፤ ከወፈረ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ብሎኑ በፕላስቲክ ቀለበት አልፎ ይጠብቃል። ከዚያ በሜትር ይለካል፤ በትራንዚስተሩና በክንፉ መካከል ምንም መተላለፍ የለበትም። መጀመሪያ ሲበራም በቀጥታ ከሶኬት አይሰካም፤ አንድ መቶ ዋት አምፖል በተከታታይ መሃል ይገባል። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ጥፋት አለ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሰላም ነው። ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻው መለኪያ ጣት ነው። ክንፉን ነክቶ ጥቂት ሰከንድ መቆየት ካቃተ ሙቀቱ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው።

ሙቀት የሚያልፍበት መንገድ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ የውኃውን ልክ የሚወስነው ከሁሉ የጠበበው ቦታ ነው። ከሲሊከኑ ወደ ሰውነቱ፣ ከሰውነቱ በማይካው ወደ ክንፉ፣ ከክንፉ ወደ አየሩ። ብዙ ጊዜ የሚጠበው የመጨረሻው ነው። ቁጥሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 30 ሲደመርና 30 ሲቀነስ ቮልት የሚመገብ የተለመደ አምፕሊፋየር ስምንት ኦም ስፒከር ሲነዳ ትራንዚስተሮቹ እስከ 23 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጥራሉ። ክንፉ ለእያንዳንዱ ዋት አንድ ዲግሪ የሚጨምር ዓይነት ከሆነ ከአየሩ በ23 ዲግሪ ይበልጣል፤ ይህ ምንም አይደለም። ዲጄው ሰው በዛብኝ ብሎ ሁለተኛ ስፒከር በዚያው መስመር ላይ ሲጨምር ግን ሸክሙ አራት ኦም ይሆናል፤ ሙቀቱም እጥፍ፣ 46 ዋት። አየሩ 30 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ክንፉ 76 ዲግሪ ይገባል። ሠርግ ላይ አምፕሊፋየር የሚቃጠልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዕቃው ሳይለወጥ ሸክሙ መለወጡ።

ሌላም ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። እንዲህ ያለ ማጉያ አብዝቶ የሚሞቀው ጥግ ድረስ ሲጮህ አይደለም። ወጥ ድምፅ ሲሰጠው ከፍተኛው ሙቀት የሚታየው ከሙሉ ጉልበቱ 40 በመቶ ገደማ ላይ ሲሠራ ነው። ሙሉ ቀን በመካከለኛ ድምፅ የሚዘፍን ሙዚቃ ቤት ከአንድ ሰዓት ጩኸት ይልቅ ክንፉን ይፈትነዋል።

ቬንቲሌተር እዚህ ላይ ነው የሚገባው። የረጋ አየር ክንፉን አቅፎ ይቀመጣል፤ የሚንቀሳቀስ አየር ግን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ትንሽ ቬንቲሌተር እንኳ የአንድን ክንፍ አቅም በብዙ ሊያሳድግ ይችላል። ጫጫታ እንዳይበዛ በ12 ቮልት ፋንታ በስምንት ወይም ዘጠኝ ቮልት ያሽከረክሩታል። ቬንቲሌተር ከሌለ ክንፎቹ ቁመታቸው ወደ ላይ መሆን አለበት፤ የሞቀ አየር ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተካል። ክንፉን አጋድሞ ያሰረ ሰው ይህን መንገድ ዘግቶታል።

የአገሩም አቀማመጥ የራሱ ድርሻ አለው። ወልዲያ ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ገደማ፣ መርሳ ደግሞ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከመርሳ ወደ ምሥራቅ ሀብሩ ወደ አፋር አዋሳኝ ቆላ ይወርዳል። በየሺሕ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለያይ ወልዲያ ከመርሳ በሦስት ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። አየሯ ግን ስስ ነው፤ እፍጋቱ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል፤ የመርሳው በሰባተኛ እጅ። ቬንቲሌተር የሚገፋው ያንኑ ስፋት አየር ቢሆንም የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወልዲያ በቅዝቃዜዋ ያተረፈችውን ከፊሉን በአየሯ ስስነት ታጣለች ማለት ነው። በወደብ ከተማ አየር የተሰላ የፋብሪካ ክንፍ እዚህ ሲመጣ ትንሽ መስፋት አለበት።

በዚህ ላይ አቧራ አለ። የሠርጉ ወቅት አዝመራ የገባበት፣ ውድማ የተወቃበት፣ ምድር የደረቀበት ነው። የጤፍና የማሽላ ገለባ ብናኝ ከመንገዱ አቧራ ጋር ተደባልቆ በቬንቲሌተሩ ተስቦ በክንፎቹ መካከል ይጋገራል። አሉሚኒየሙ እያለ አየሩ አይደርስበትም። ሙያተኛ ከጥር በፊት በብሩሽ የሚጠርገው ለዚህ ነው፤ ብዙ «ተቃጠለ» የተባለ ዕቃም የተቃጠለው በገለባ ነው።

የዘመኑ ትልቁ መቅሠፍት ግን አስመሳይ ትራንዚስተር ነበር። እንደ ሁለት ኤስሲ 5200 ያሉ ስመ ጥር ትራንዚስተሮች በሐሰት እየታተሙ በዓለም ገበያ ተሠራጩ። ላዩ ያው ጽሑፍ ነው፤ ውስጡ ያለችው የሲሊከን ቁራጭ ግን ከእውነተኛው በጣም ታንሳለች። ቁራጯ ስታንስ ሙቀቱ ከእሷ ወደ ብረቱ የሚሻገርበት በር ይጠባል፤ ምንም ያህል ክንፍ ቢታሰርላት አያድናትም። ሠሪዎች በሚዛን ክብደት፣ በጽሑፉ ጥራትና በዝግታ በሚጨመር ሸክም መፈተንን ልማድ አደረጉ።

ከ2004 እስከ 2012 ዓ.ም.፦ ክንፉ እያነሰ ሄደ

ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኋላም በመርሳ የግብርና ካምፓስ ኖረው። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት ከጥገና ቤቶቹ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ደረሰ። በጥር 2009 ደግሞ በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው፣ 25 ሺሕ ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየም ወልዲያ ላይ ተመረቀ። በዚህ ልክ ለተሰበሰበ ሕዝብ የሚሰማ ድምፅ የጠረጴዛ ሥራ ሳይሆን የትልልቅ ኩባንያ ዕቃ ነበር።

በዚያው ጊዜ ትንንሽ የቻይና ቦርዶች ገበያውን ማጥለቅለቅ ጀመሩ። ክላስ ዲ ይባላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሲንክሌር በ1957 ዓ.ም. ገደማ ሰው ቤቱ የሚገጣጥመው አሥር ዋት ክላስ ዲ ሸጦ ነበር። የዚያን ጊዜ ትራንዚስተሮች ፍጥነት ስላነሳቸው ውጤቱ ደካማ ሆነ። በሐሳቡ መሠረት ትራንዚስተሩ እንደ ድሮው ግማሽ ተከፍቶ ኃይሉን በራሱ ላይ አያቃጥልም። በሰከንድ በመቶ ሺሕዎች ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል፣ ሙሉ ለሙሉ ይዘጋል። ሲከፈት ኃይል ያለ እንቅፋት ያልፋል፤ ሲዘጋ ምንም አያልፍም። በሁለቱም ሙቀት ጥቂት ነው። ሞስፌት የሚባለው ፈጣን ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ከገባው ኃይል 90 በመቶ ያህሉ ወደ ስፒከር የሚደርስበት ቦርድ እንደ ክብሪት ሣጥን ያነሰ ክንፍ ተለጥፎበት መሸጥ ጀመረ።

ሆኖም አሮጌው ዕቃ ወዲያው አልተሻረም። ክላስ ዲ ሲበላሽ ክፍሎቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ በተራ ሶልደር ለመንቀል ያስቸግራሉ። አሮጌው ግን ትራንዚስተሩ ተፈትቶ ሌላ ይገባበታል፤ ከሰዓት በኋላ ለሠርጉ ይደርሳል። ለኪራይ የሚኖር ዲጄ የሚመርጠው ቀዝቃዛውን ሳይሆን የሚጠገነውን ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፦ ባትሪ የወሰነው ፍርድ

ምርጫውን የቀየረው ጦርነት ነው። በነሐሴ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ወልዲያንና አካባቢዋን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም በእጃቸው ቆየ። መብራትና ስልክ ተቋረጡ። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ከተዘረፉትና ጉዳት ከደረሰባቸው ተቋማት አንዱ ነበር። መብራት ለወራት በጠፋበት አገር ሶላርና ባትሪ ከቅንጦት ወደ አስፈላጊ ዕቃነት ተሸጋገሩ።

ባትሪ ሲመጣ ሙቀት ማለት ገንዘብ ሆነ። 20 ዋት ድምፅ ለማውጣት አሮጌው አምፕሊፋየር 50 ዋት ያህል ይስባል፤ ክላስ ዲው ከ25 አያልፍም። የ100 አምፒር ሰዓት የ12 ቮልት ባትሪን ግማሽ ብቻ ለመጠቀም ብንወስን 600 ዋት ሰዓት አለን፤ አሮጌውን 12 ሰዓት፣ አዲሱን 24 ሰዓት ያጫውታል። መብራት በነፃ እንደሚመጣ ሲታሰብ ማንም ያልቆጠረው ልዩነት፣ በሶላር ጊዜ በሌሊቱ ርዝመት ተቆጠረ። በከባዱ ትራንስፎርመርና በሰፊው ክንፍ ፋንታ ቀላል ቦርድና የመኪና ባትሪ ይዞ ወደ ገጠር ሠርግ መሄድ እየተለመደ መጣ።

ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ግን ማጉያው ብቻ አይደለም። ከሶላሩ ጋር የመጣው ኢንቨርተር፣ ቻርጅ መቆጣጠሪያውና ቻርጀሩ ሁሉ ሞስፌት በአሉሚኒየም ላይ የታሰረባቸው ዕቃዎች ናቸው። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ የኤሌክትሪክ መኪናና ባጃጅ ሞተር መቆጣጠሪያም ከዚሁ ወገን ነው። ኮምፓውንድ ስስ አድርጎ መቀባትን፣ ማይካ ሳይቀደድ ማሰርን፣ ክንፍን ከገለባ ማጽዳትን በሠርግ አምፕሊፋየር የተማረ የወልዲያና የመርሳ ሠሪ ለእነዚህ ዕቃዎች ግማሹን ትምህርት ጨርሷል። የቀረው የቮልቴጁ ከፍታ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ መቶዎች ቮልት ስለሆነ ስህተቱ ትራንዚስተር ብቻ ሳይሆን ሰውም ይገድላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲው ከጥገና ቤቶቹ ጋር ሊገናኙበት የሚገባው ቦታም ይኸው ነው፤ ሙቀቱን የሚያውቀውን እጅ ከፍተኛ ቮልቴጅን ማስተማር።